የሦስት ዓመት ውል፣ የስድሳ ዓመት አገልግሎት

በአፍሪካ ቀንድ አገሮች ስለ ሚስዮናውያን ሲነሣ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው ወገን ፊደል ያስቆጠሩ፣ መድኃኒት ያደሉ፣ ወላጅ አልባውን የሰበሰቡ ደጋግ ሰዎች ናቸው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ እነርሱ መጽሐፍ ይዘው በገቡበት በር ቅኝ ገዢዎች ጠመንጃ ይዘው ገብተውበታል ሲል ይከሳል። ታሪክ ለሁለቱም ወገን ምስክር አያሳጣም። እኛ ግን ከሁለቱም የሚበልጥ ሦስተኛ መመዘኛ አለ እንላለን። ይኸውም ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው በሚለይበት ቀን ሥራው አብሮት ይሄዳል ወይስ በአገሬው እጅ ይቀራል የሚለው ነው።

በዚህ መመዘኛ ልናያቸው የፈለግነው ሁለት ሐኪሞችን፣ ባልና ሚስት የሆኑትን ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊንን ነው። በእርግጥ እነዚህ ሰዎች የሚስዮን ማኅበር የላካቸው አልነበሩም። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በመንግሥት ውል ተቀጥረው ነው። ይሁን እንጂ ውሉ ካለቀ በኋላ ያቆያቸው ደመወዝ ሳይሆን የክርስትና እምነታቸው መሆኑን ራሳቸው አልሸሸጉም። ኑሯቸውም ከማናቸውም የሚስዮን ባልና ሚስት ኑሮ የሚለይ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በጋዜጣ ማስታወቂያ የተጀመረ ጉዞ

ዶክተር ሬጂናልድ በ1908 በኒውዚላንድ፣ ዶክተር ካትሪን ደግሞ በ1924 በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ተወለዱ። የተዋወቁት በሲድኒ ክራውን ስትሪት በተባለው የሴቶች ሆስፒታል ሲሆን፣ እርሳቸው የሆስፒታሉ የሕክምና ኃላፊ፣ እርሷ ደግሞ ወጣት ሐኪም ነበሩ። በ1950 ተጋቡ። የማኅፀንና የወሊድ ሕክምና የሁለቱም ሙያ ነበር።

በ1958 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈልግ ነበር። ይህ ሆስፒታል ዘግይቶ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው፣ ብዙው የሠራዊት አባል የሚያውቀው ሆስፒታል ነው። ባልና ሚስቱ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው በ1959፣ ማለትም በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው ለሦስት ዓመት ነበር። በዚያን ጊዜ ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሳ አንደኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ብዙ ሰው ጡረታውን ማስላት በሚጀምርበት ዕድሜ አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋና ከዚያ በፊት በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት በሽታ ገጠማቸው ማለት ነው።

የአዋላጆቹ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ነገር ግን ዕድሜ አላገኘም። አሥር ያህል አዋላጆች እንደ ሠለጠኑ በመንግሥት ውሳኔ ተዘጋ። የመጡበት ዋና ጉዳይ በዚህ ሁኔታ ሲቋረጥ ሻንጣቸውን ጠቅልለው ቢመለሱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። የቀሩት በዚያው ሆስፒታል በር ላይ ተኮራምተው በሚጠብቁ ሴቶች ምክንያት ነው።

እንኳን ማርያም ማረችሽ ያልተባለችው እናት

በአገራችን አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ ማርያም ማርያም ይባላል። በሰላም ስትገላገልም ገንፎ ተገንፍቶ፣ እልል ተብሎ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባላል። የሐምሊን ባልና ሚስት ሕይወታቸውን የሰጡት ይህ ምርቃት ላልደረሳት ሴት ነው።

የችግሩ አመጣጥ ይህን ይመስላል። የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቲቱ የዳሌ አጥንት ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው ምጡ ይታገዳል። ሐኪም ባለበት ቦታ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ይቻላል። ሐኪም በሌለበት ግን ምጡ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀጥላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ገላው ይሞታል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የሞተው ገላ ሲረግፍ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። አንዳንዴም ቀዳዳው ከዓይነ ምድር መውጫ ጋር ይገናኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ይህ ነው ፊስቱላ የሚባለው።

ልጇን የቀበረች እናት በዚህ ላይ ሽታውን ስትጨምርበት ባል ይሸሻታል፤ ጎረቤት አፍንጫውን ይይዛል፤ አውቶቡስ ላይ ብትወጣ ተሳፋሪው አስወርዷት ይሄዳል። ብዙዎቹ ለዓመታት ከቤተሰቡ ተለይተው በጓዳ ወይም በተለየች ጎጆ ኖረዋል። ሽንቱ እንዲቀንስላቸው ብለው ውኃ ከመጠጣት የሚቆጠቡም አሉ፤ ይህ ግን ሽንቱን ስለሚያከረው ገላቸውን ይበልጥ ያቆስለዋል። እግራቸውን አጥፈው ለረጅም ጊዜ ከመተኛታቸው የተነሣ ጉልበታቸው አልዘረጋ ያላቸው፣ በምጡ ወቅት ነርቭ ተጎድቶባቸው እግራቸውን የሚጎትቱም ጥቂት አይደሉም።

በሠለጠኑት አገሮች ይህ በሽታ የተረሳ ነበር። ድሮ ግን በዚያም ነበር። በ1840ዎቹ በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ማሪዮን ሲምስ የተባለው ሐኪም የቀዶ ሕክምናውን ዘዴ ያጠናው አናርቻ፣ ሉሲና ቤትሲ በተባሉትና በሌሎችም በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ገላ ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ በመቅደድ ነበር። በ1855 በኒውዮርክ የሴቶች ሆስፒታል የቆመው ከዚያ በተገኘው ዕውቀት ነው። በኋላ የወሊድ ሕክምና በየስፍራው ሲዳረስ በሽታው ከበለጸጉት አገሮች ጠፋ። በድሆች አገር ግን ቀረ። እንግዲህ ፊስቱላ የዕድል ወይም የእርግማን ጉዳይ ሳይሆን የመንገድ፣ የሐኪምና የኑሮ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም።

ሐምሊኖች በትምህርት ቤት ያልተማሩትን ይህን ሙያ ከመጻሕፍት ማጥናት ነበረባቸው። ከመሩዋቸውም ጽሑፎች መካከል በዚህ ሕክምና ስመ ጥር የነበሩት የካይሮው ሐኪም የናጊብ ማሕፉዝ ሥራዎች ይገኙበታል። የግብፁ ደራሲ ናጊብ ማሕፉዝ ስሙን ያገኘው ካዋለዱት ከእኒሁ ሐኪም ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያ እናቶች የተዘረጋው እጅ ከአውስትራሊያ ቢመጣም ዕውቀቱ በከፊል በዓባይ ዳር የበቀለ ነበር።

የአንድ ቀን ውሎ

መጀመሪያ ሕክምናው የሚሰጠው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ነበር። ይሁንና ሌሎች በሽተኞች ከፊስቱላ ታካሚዎች ጋር በአንድ ክፍል መተኛት አይወዱም ነበር። ባልና ሚስቱ በግቢው ውስጥ ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ማረፊያ አሠሩ። ቁጥራቸው እየበዛ ሲሄድ ግን የራሱ ሆስፒታል የግድ ሆነ። በ1974 በአዲስ አበባ በወንዝ ዳር የፊስቱላ ሆስፒታል ተመሠረተ። ያ ዓመት በአገሪቱ ላይ ሥርዓት የተለወጠበት፣ ብዙ የውጭ አገር ሰዎችም ጓዛቸውን የጠቀለሉበት ዓመት ነው። ዶክተር ሬጂናልድ ስድሳ ስድስት፣ ዶክተር ካትሪን ሃምሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት የጦርነትና የረኀብ ዓመታትም አልለቀቁም።

መኖሪያቸው እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበር። ከቤታቸው እስከ ታካሚዎቹ አልጋ ያለው መንገድ በእግር ጥቂት እርምጃ፣ በዛፍና በአበባ የተከበበ ነበር። ጸሎት ከቀናቸው የማይለይ ነገር ሲሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አልጋ ለአልጋ እየተዘዋወሩ መጠየቅ ነው። ከቀዶ ሕክምና የወጣች ሴት ሁለት ሳምንት ያህል የሽንት ቧንቧ ተደርጎላት ትተኛለች። ያ ቧንቧ ከተደፈነ የተሰፋው ገላ ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ ጠዋት በየአልጋው የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ቧንቧው ይፈሳል ወይ፣ ውኃ ጠጥታለች ወይ የሚል ነው። ለዓመታት ውኃ ስትሸሽ የኖረችን ሴት ጠጪ፣ አሁንም ጠጪ ብሎ ማሳመን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የተበላሸው ገላ ቀጭንና ጠባሳ የበዛበት በመሆኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር መሳሳት የቀረውን ያበላሻል። ጉዳቱ ቀላል ሲሆን ቶሎ ያልቃል፤ ከባድ ሲሆን ግን ሰዓታት ይወስዳል፤ አንዳንዷም ሴት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መታከም ያስፈልጋታል። ከታካሚዎቹ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ቀዳዳው ተደፍኖላቸው ይመለሳሉ። የሕክምና ዋጋ አይጠየቁም።

ከቀትር በኋላ ግቢው ሌላ መልክ ነበረው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ሴቶች በባሕር ማዶ በጎ አድራጊዎች በእጅ የተሠራ ባለ ብዙ ቀለም የሹራብ ልብስ ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊደል የሚቆጥሩ፣ የእጅ ሥራ የሚማሩ፣ የታጠፈ እግራቸውን በአካል እንቅስቃሴ የሚያፍታቱ ነበሩ። ከሁሉም የበለጠው መድኃኒት ግን ሌላ ነበር። በዓለም ላይ ይህ ጉድ የደረሰብኝ እኔ ብቻ ነኝ ብላ የመጣች ሴት በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ መሰሎቿን ስታገኝ እፍረቷ ይቀልላታል። ዶክተር ካትሪንንም እማዬ እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ለሕክምና የማይከፈልበት ሆስፒታል ወጪው ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ ደግሞ ሌላ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለበጎ አድራጊዎች መጻፍ፣ ውጭ አገር ሲኬድም በየአዳራሹ ቆሞ ስለ እነዚህ ሴቶች መናገር የኑሯቸው ክፍል ነበር። የዳነችው ሴት በምትሰናበትበት ቀን አዲስ ቀሚስና ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣታል። ከአውቶቡስ ተገፍትራ የወረደች ሴት በዚያ ቀሚስ ራሷን ቀና አድርጋ ትሳፈራለች ማለት ነው።

ታካሚዋ ሐኪም ስትሆን

በ1962 ገደማ ከገጠር መንደር ለቀናት ያማጠችና በጽኑ የተጎዳች አንዲት ወጣት ሴት ለሐምሊኖቹ ቀረበች። ስሟ ማሚቴ ጋሼ ነው። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ከታከመች በኋላ እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍ፣ ታካሚዎችን ማጠብ ጀመረች። ዶክተር ሬጂናልድ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገብተው መሣሪያ ማቀበልን አስተማሯት። በኋላም እጇን በእጃቸው ይዘው መቅደድንና መስፋትን አሳዩዋት። ዓመታት ካለፉ በኋላ ማሚቴ ራሷን ችላ የምትሠራ፣ ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ሳይቀሩ ከእጇ የሚማሩባት የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ለሐምሊኖች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ማሚቴም አብራ ተሸላሚ ነበረች።

ከላይ ያነሣነው መመዘኛ እውነተኛ ፈተናውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ የውጭ አገር ሐኪም የራሱን እጅ ብቻ የሚያስፈልግ እጅ አድርጎ ማቆየት ቀላል ነው፤ ሙገሳውም የእርሱ ብቻ ይሆንለታል። ቢላዋውን ፊደል ላልቆጠረች የገጠር ሴት አሳልፎ መስጠት ግን በእርሷ አእምሮ ላይ ሙሉ እምነት መጣልን ይጠይቃል። ማሚቴ ብቻም አይደለችም። ከዳኑት ሴቶች ብዙዎቹ በሆስፒታሉ የነርስ ረዳት ሆነው ቀርተዋል። አዲስ የመጣችዋን ሴት የሚቀበሏት በዚያው መንገድ ያለፉ እጆች ናቸው። የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም ከጊዜ ወደ ጊዜ ሥራውን ተረክበዋል።

ከጡረታ በኋላ ያለው ዘመን

ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ዶክተር ካትሪን በዚያን ጊዜ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ባል የሞተባት፣ ዕድሜዋ የገፋ የውጭ አገር ሴት ወደ ትውልድ ቦታዋ ብትመለስ ተገቢ ነበር የሚል ብዙ ነው። እርሳቸው ግን በዚያው ግቢ ሌላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ። ወደ ዘጠና ዓመታቸው እስከሚቃረቡ ድረስ የቀዶ ሕክምና ካባቸውን አልሰቀሉም።

ሥራው እጅግ የሰፋውም በዚህ በመጨረሻው ዘመናቸው ነው። ከ2005 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የፊስቱላ ማዕከሎች ተከፈቱ። ከሩቅ አውራጃ ለምትመጣ ሴት የዋና ከተማው መንገድ አጠረላት። ጉዳታቸው ጨርሶ ሊጠገን ላልቻለ ሴቶች ከአዲስ አበባ ዳርቻ ደስታ መንደር የተባለ ሥፍራ ተሠራ፤ በዚያም ሠርተው እንዲያድሩ ሙያ ይማሩበታል። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹ የሚመለመሉት ከገጠር ነው፤ አራት ዓመት ተምረው በዲግሪ ሲመረቁ የሚሰማሩትም ቋንቋውን ወደሚናገሩት፣ ልማዱን ወደሚያውቁት ሕዝብ ነው። አሥር ያህል አዋላጆችን አስመርቆ የተዘጋው ያ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አርባ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ በሌላ መልክ ተነሣ ማለት ነው።

ዶክተር ካትሪን በ2012 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጣቸው። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በመኖሪያ ቤታቸው በዘጠና ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከስድሳ ሺህ በላይ ሴቶች ባልና ሚስቱ ባቋቋሙት ሆስፒታልና በቅርንጫፎቹ ታክመው ነበር።

ለእኛ የቀረው ድርሻ

የእነዚህን ሰዎች ውሎ ያነሣነው እንግዳን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ስድሳ ሺህ ሴት ታከመች ሲባል የሚያኮራ ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍርም ቁጥር ነው። እያንዳንዷ ወደዚያ በር የደረሰችው በመንደሯ አዋላጅ ስላልነበረች፣ ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያ መንገድ ስላልተጠረገ፣ ወይም ሽማግሌዎች ተሰብስበው አጥንቷ ሳይጠና ስለ ዳሯት ነው። የቀዶ ሐኪም ቢላዋ የተቀደደውን ይሰፋል እንጂ ቀጥላ የምታምጠውን አይደርስላትም።

በዚህ ረገድ ያልተሠራ ነገር የለም ማለት ስሕተት ይሆናል። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ አሥራ ስምንት ዓመት አድርጓል። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሠላሳ ሺህ በላይ ደርሰዋል። ሆኖም ሕግ በወረቀት ላይ ሲሰፍርና በመንደር ሲከበር አንድ አይደለም። ልጁን ለመዳር ዕድሜዋን ከፍ አድርጎ የሚናገር አባት፣ ይህንንም እያወቀ ዝም የሚል ጎረቤት፣ ምጥ በጠና ጊዜ ቃሬዛ ለማንሣት እስኪነጋ የሚጠብቅ ባል እስካለ ድረስ ሆስፒታሉ ሥራ አይፈታም።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ጉዳይ አለ። የሐምሊኖች ሆስፒታል ከምሥረታው ጀምሮ ባብዛኛው የተደገፈው በባሕር ማዶ በጎ አድራጊዎች መዋጮ ነው። ሹራቡን የሠራችው እናት አውስትራሊያ ተቀምጣ ለማታውቃት ኢትዮጵያዊት ስታስብ፣ እኛ በዕድራችንና በማኅበራችን ለቀብር ከምናዋጣው ጥቂቱን ለወላዶች መጓጓዣ ብናደርገው ምን ይከለክለናል? ዕድር ድንኳንና ወንበር ለመግዛት አቅም ካለው፣ ቃሬዛና ለአንድ መኪና ነዳጅ የሚሆን ገንዘብ አያጣም። በየቀበሌው ነፍሰ ጡሮች እነማን እንደሆኑ፣ መቼ እንደሚወልዱ፣ ማን እንደሚያደርሳቸው አስቀድሞ ማወቅም የገንዘብ ሳይሆን የአሠራር ጉዳይ ነው።

ሁለቱ ሐኪሞች ለሦስት ዓመት መጥተው ዕድሜያቸውን ሰጡ፤ ሲሄዱም ሙያውን ይዘውት አልሄዱም። ከእጃቸው የተቀበሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። የቀረው ድርሻ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የሚፈጸም አይደለም፤ በየመንደሩ፣ በየሸንጎውና በየቤቱ የሚፈጸም ነው። ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ በጊዜ አዋላጅ ደርሶላት፣ እልልታው በደጇ ተሰምቶ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ እስክትባል ድረስ ሁላችንም ባለዕዳ ነን።